ባቢሌ ሁለት ጊዜ፦ በዝሆኖች መጠለያ ውስጥ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ከዚራ ነው፤ አሁን አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከሐረር በታች ባለው ሸለቆ ውስጥ ዝሆን እንደሚኖር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ፣ ለማየት እግሬን ያነሳሁት ባለፈው ኅዳር ነው። ያ ጉዞ ከመነሻው እስከ መመለሻው ስህተት ነበር። ንዴቱ ስላልወጣልኝ በጥር ደግሜ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው እናንተ የኅዳሩን ዘላችሁ የጥሩን እንድትጓዙ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1970 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከለለ ሲሆን 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ አዲስ አበባን አሥራ ሦስት ጊዜ ብትዘረጓት ትገባበታለች። ኦሮሚያና ሶማሌ ክልሎች ይጋሩታል። ኤረር፣ ጎበሌ፣ ዳካታና ፋፈን ከሐረርጌ ደጋ ተነስተው፣ ሸለቆ እየሰነጠቁ ወደ ደቡብ ይወርዱና ወደ ዋቢ ሸበሌ ያመራሉ። ከፍታው ከ850 እስከ 1,785 ሜትር ነው። ንጋት ላይ ሐረር ሹራብ ደርቦ የወጣ ሰው ረፋድ ላይ ሹራቡን የት እንደሚያደርገው ይጨንቀዋል። ከዝሆኑ ሌላ ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ፣ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ከርከሮ፣ እንሹና ዝንጀሮ አሉበት። አንበሳውን አላየሁትም፤ አላየሽኝም ብሎ ቢቀርም ቅር አይለኝም።

ካርታ ላይ ስታዩት አንድም ቤት የሌለበት አረንጓዴ ባዶ ነው። እኔም ሰው የማይደርስበት ምድረ በዳ የምገባ መስሎኝ ነበር። ውስጡ ሲገባ ግን በማለዳ የሚጨስ ጎጆ፣ ግመል የሚነዳ ልጅ፣ በወንዙ ዳር የፓፓያና የሸንኮራ ማሳ ይታያል። ሰው የሌለበት ረጅም መንገድም አለ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከራሳችሁ ትንፋሽ በስተቀር ምንም የማትሰሙበት። ሁለቱ ጎን ለጎን መኖራቸው ለዝሆኖቹም ለገበሬዎቹም ትልቁ ችግራቸው ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የኅዳሩ ጉዞ እንዲህ ነበር። አራት ነበርን፦ እኔ፣ የወንድሜ ልጅና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ። ሐረር ማደሩ ወጪ ነው ብለን ድሬዳዋ አድረን በማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። የደንገጎን ዳገት ወጥተን፣ ሐረማያ ስንደርስ ሐይቁን ለማየት ቆምን። ሐይቁ ደርቆ ሜዳ በሆነበት ጊዜ ያየነው ሰዎች ውኃ ሲመለስበት ሳንቆም ማለፍ አይሆንልንም። ከዚያ አወዳይ ላይ የጫት መኪኖች መንገዱን ዘግተው ጠበቁን። ሐረር ገብተን ፉል በልተን፣ ፈቃድ ጨርሰን፣ ስካውቱን (መሣሪያ ታጥቆ እንግዳ የሚመራውን የመጠለያውን ጠባቂ) ይዘን በኤረር ሸለቆ በኩል ወርደን በእግር መሄድ ስንጀምር ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በዚያ ሰዓት ዝሆን ጥላ ፈልጎ ጫካ ውስጥ ቆሟል፤ እኛ ደግሞ ከጥላ ወጥተን ወደ ፀሐይ ልንገባ ነው።

የያዝነው ውኃ ለእያንዳንዳችን አንድ ሃይላንድ፣ አንድ ሊትር ብቻ። የወንድሜ ልጅ ቀይ የኳስ ማሊያ ለብሷል። አንዷ ባልደረባዬ ሽቶ ተቀብታለች፤ ከአሥር እርምጃ ርቀት ይሸታል። እኔ አዲስ ጫማ አድርጌያለሁ። ስካውቱ አንድ በአንድ አየንና ምንም አልተናገረም። በኋላ ነው የገባኝ፦ ከፍሎ የመጣን እንግዳ ገና በጠዋቱ መገሠጽ ይከብደዋል። ስለዚህ እናንተው ጠይቁት። «አለባበሳችን እንዴት ነው? ውኃችን ይበቃል?» በሉት። ከተጠየቀ ይናገራል።

ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ስካውቱ ቆመና፣ «እንመለስ» አለ። የእግር ዱካ አይተናል፣ ፋንድያ አይተናል፣ ዝሆን የለም። የወንድሜ ልጅ «እስከዚያች ጉብታ ብቻ» ብሎ ለመነ። እኔም ደገፍኩት። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን፣ ይህን ሁሉ ብር ከፍለን! ስካውቱ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ቀደመን። ጉብታዋ ላይ ስንደርስ ሌላ ጉብታ ነበረች።

ሽቶ የተቀባችው ባልደረባዬ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ራሴን አመመኝ አለች። ከዚያ ላቧ ቀዘቀዘና አንድ ግራር ሥር ተቀምጣ አስመለሳት። ውኃችን አልቆ ነበር። ስካውቱ ከራሱ ኮዳ ጥቂት በጥቂት አጠጣት፣ በቀረው ነጠላዋን አርሶ አንገቷ ላይ ጣለላት። እግሯን ከፍ አድርገን አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ስትነሳ በሁለት ወገን ደግፈናት ነው መኪናው ዘንድ የደረስነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የሙቀት ድካም ማለት ይህ ነው፦ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የቀዘቀዘ ላብ፣ ማስመለስ። ከዚህ አልፎ ሰውየው የሚናገረው ከጠፋበት ወይም ሰውነቱ እንደ ምድጃ ከጋለ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ በጥላ ሥር ውኃ እያርከፈከፉና እያራገቡ በፍጥነት ሐኪም ዘንድ ማድረስ ያስፈልጋል። ከምድረ በዳ መሀል ሐረር ሆስፒታል ስንት ሰዓት እንደሚወስድ እዚያው ግራሩ ሥር ሆኜ ማስላት ጀምሬ ነበር፤ መልሱን አልወደድኩትም።

በመመለሻችን ላይ ስካውቱን ይቅርታ ጠየቅኩት። እኛ አገር፣ ሐረርም ድሬም፣ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ በዕድሜ ቢበልጠኝም «አንተ» ነው ያልኩት፣ እሱም «አንቺ»። «አቦ፣ አስቸገርንህ» አልኩት። «እኔ እንመለስ የምለው ለእናንተ ብቻ አይደለም» አለኝ። «ሰው ሲደክም ያጉረመርማል፣ ድንጋይ ያንከባልላል፣ ወደ ነፋሱ ዞሮ ይቀመጣል። ከዚያ ዝሆኑ ይደነግጣል። የደነገጠ ዝሆን ወዴት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም።»

ይህን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ እግሬ ላይ ሦስት ውኃ የቋጠሩ ቁስሎችም ነበሩ።

የጥሩን ጉዞ ያሰናዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ዋናው ለውጥ ሐረር ማደራችን ነው። ከአንድ ቀን በፊት በቀን ሐረር ገባን። የመጠለያው ጽህፈት ቤት በአካል ሄጄ መታወቂያ አሳየሁ፣ የመግቢያውን፣ የመኪናውንና የስካውቱን ክፍያ ለየብቻ ጠይቄ ደረሰኝ ተቀበልኩ። ክፍያ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፤ ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ አገር ሰዎች ግን የተለያየ ነው። ያለ ስካውት መግባት አይቻልም፤ ቢቻልም ከኅዳሩ ወዲህ እኔ አልሞክረውም። የጸጥታውን ሁኔታም እዚያው ጠይቁ። ሁለት ክልሎች የሚዋሰኑበት አካባቢ ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክልሎቹ ወሰን ላይ በተነሳው ግጭት ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ባለፈው ወር ሰላም የነበረ ጎዳና ዛሬ ላይሆን ይችላል፤ «ዛሬ አትሂዱ» ከተባላችሁ ሐረር ጁገልን ዙሩና ቀኑን በዚያ አሳልፉ።

ስካውቱንም ያኔ አገኘሁት፤ ያው የኅዳሩ ሰውዬ ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ ይናገራል፣ ሐረሪም ይሰማል። በዚህ ጊዜ «ዝሆን አለ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። እንዲህ ላለው ጥያቄ መልሱ ምንጊዜም «አለ» ነው። «ትናንት የት ነበሩ?» አልኩት። ስልኩን አወጣና በወንዙ ዳር ላለ አንድ ገበሬ ደወለ። በኦሮምኛ ተነጋገሩ፤ «አርባ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሰማሁ፤ ዝሆን ማለት ነው። ሲጨርስ ከኅዳሩ የተለየ መነሻ መረጠ። ሌሊት እዚያ ሸንኮራ ሲበሉ ነበር አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። አብዛኞቹ ስካውቶች ሙስሊሞች ናቸው። ረመዳን ከሆነ ሰውየው ውኃ ሳይጠጣ በሙቀት ሊመራችሁ ነው፤ ወይ ሌላ ጊዜ ሂዱ፣ ወይም መንገዱን አሳጥሩ። ዓርብ ከሆነም ለጁምዓ የሚመለስበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የእኛ ጉዞ ቅዳሜ ነበር።

ስለ ውኃ በዚህ ጊዜ ለአንድ ሰው አራት ሊትር ያዝን። ብዙ ይመስላል፤ በተመለስን ጊዜ የተረፈን ከአንድ ሊትር በታች ነው። ከፋርማሲ ኦ.አር.ኤስ.፣ ማለትም በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ገዝተን በአንደኛው ሃይላንድ በጠበጥን። ጣዕሙን የወደደው የለም፣ ሁላችንም ጠጣነው። ለስካውቱም ውኃ ያዙለት፤ የሰውየውን ኮዳ እንደገና እንዳታስጨርሱት። ምግብ ዳቦ፣ ተምርና ብርቱካን ነበር። ቆሎ ይዤ ነበር፣ ስካውቱ አየውና ሳቀ። በጸጥታው ውስጥ ቆሎ ስትቆረጥሙ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል፤ ዝሆንም ጆሮ አለው።

አለባበስ አቧራ የመሰለ ይሁን፤ ነጭና ቀይ አይሁን፤ የወንድሜ ልጅ ማሊያውን ቤት ትቶ የአባቱን ካኪ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የለመዳችሁት ጫማ። ሴቶች በቀሚስ ብቻ አትሂዱ፤ ቀንጠፋ የሚባል እሾህ አለ፣ ከያዘ በኋላ ወደ ፊት ስትስቡ ወደ ኋላ ይስባል። የሐረሪ እናቶች ከቀሚሳቸው ሥር የሚለብሱት ሱሪ፣ ገናፊ፣ ለዚህ ቦታ የተሰፋ ይመስላል። ሽቶ፣ ዶድራንት፣ ሽታ ያለው ቅባት ሁሉ ቤት ይቅር። ዝሆን ዓይኑ ያን ያህል አይደለም፤ አፍንጫው ግን ሌላ ነገር ነው። ለመጸዳዳት ከቡድኑ መለየት ካለባችሁ ለስካውቱ ንገሩትና እሱ ባለው አቅጣጫ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። እኔ መጀመሪያ አፍሬ አምስት ሰዓት ሙሉ ችዬ ነበር፣ ምንም ክብር የለውም። ወረቀቱን በፌስታል ይዛችሁ ተመለሱ።

ወረንጦም ያዙ። ሸለቆው ውስጥ በለስ ቁልቋል ሞልቷል፤ የአካባቢው ሰው ቲኒ ይለዋል። ጥንት ከአሜሪካ የመጣ ተክል ነው፣ አሁን ግን የአገሩ ልጅ መስሏል። ትልቁን እሾህ ታዩታላችሁ፣ ትራቁታላችሁ። የሚያስቸግረው የፀጉር ያህል የቀጠነው ነው፤ በልብስ ላይ ይጣበቅና ማታ ቤታችሁ ስትደርሱ ይወጋችኋል።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከሐረር ወጣን። የጅጅጋን አስፋልት ይዘን ቢሲዲሞን አለፍንና ወደ ደቡብ ታጠፍን። ሾፌሩ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ እንዲጠብቅ፣ እስከ 8 ሰዓት ካልመጣን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ ተነግሮታል። ኔትወርክ እየመጣ እየጠፋ ስለሚሄድ እኛ እንደውልልሃለን ማለት ዋጋ የለውም። ፀሐይ ስትወጣ፣ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል፣ መሄድ ጀመርን። ሹራብ ለብሼ ነበር፤ ኅዳር ላይ በዚህ ሰዓት ገና የደንገጎን ዳገት እየወጣሁ ነበር።

የእግር መንገዱ ራሱ ተራራ መውጣት አይደለም። የሚያደክመው የወንዙ አሸዋ ነው፤ ሁለት እርምጃ ስትራመዱ አንዱን መልሶ ይወስዳል። ስካውቱ ከፊት ክላሹን ትከሻው ላይ አንግቦ፣ እኛ በአንድ መስመር። ሲቆም መቆም፣ እጁን ዝቅ ሲያደርግ መቀመጥ፤ ይህን ከመኪናው ሳንርቅ ሁለት ጊዜ አለማመደን። በየጥቂት ደቂቃው ጎንበስ ብሎ ደቃቅ አፈር ቆንጥሮ ይለቃል፣ አፈሩ ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ነፋሱ ከእኛ ወደ እነሱ ከሆነ መንገድ እንለውጣለን። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ብቻ ግማሽ ሰዓት ዞርን፤ ማንም አላጉረመረመም።

የወንድሜ ልጅ አሸዋው መሀል አሪፍ ጥላ አገኘና ቁርስ እዚህ እንብላ አለ። እኔ ነኝ የከለከልኩት። ጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዝናብ የለም። ቢሆንም የድሬዳዋ ሰው ነኝ፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ከተማው ውስጥ ነበርኩ። ጎርፉን ያመጣው ዝናብ የዘነበው ደጋው ላይ ነው። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አልቀመጥም፣ በየትኛውም ወር። ስካውቱ «ልክ ነሽ» አለና ዳር ወጥተን በላን። በዝናብ ወራት፣ በተለይ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ለመሄድ ያሰባችሁ ይህን አስቡበት።

ዱካ ማንበብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለእኔ ከዝሆኑ ያልተናነሰ ደስታ የሰጠኝም ይኸው ነው። የፊት እግሩ ዱካ ክብ ነው፣ የኋላው ሞላላ። ስካውቱ የባልደረባዬን የጫማ ማሰሪያ ፈትቶ አንዱን የፊት ዱካ ዙሪያውን ለካው፤ ያንን ርዝመት ከመሬት ወደ ላይ ሁለት ጊዜ ቀጥሎ ለካው። «ትከሻዋ እዚህ ድረስ ነው» አለ። የፊት እግር ዙሪያ በሁለት ሲባዛ የዝሆኑን የትከሻ ቁመት በግምት ይሰጣል። ክሩ ከራሴ በላይ አልፎ ሄደ። ከዚያ ፋንድያ። የደረቀው እንደ ቆየ ገለባ ይበተናል። ያገኘነው ግን ላዩ ገና ይብረቀረቃል፣ ውስጡ የሸንኮራ ጭራሮ ሞልቷል። ስካውቱ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። «ትኩስ ነው» አለ በሹክሹክታ። ከዚህ በኋላ ማንም አልተናገረም።

ግራሮቹ ላይ ጭቃ ተለጥፏል፣ ከእኔ ቁመት በላይ፤ ሲታከኩ የተዉት ነው። በለሱ ተዘልዝሎ ወድቋል። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን እስከ 150 ኪሎ ግራም ይበላል፤ እሾሁን ምን እንደሚያደርገው ዓይኔ እስኪያይ አልገባኝም ነበር።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ስካውቱ ወደ አንድ አለታማ ጉብታ አወጣን። በሆዳችን ተኝተን ማዶውን አየን። መጀመሪያ ምንም የለም፤ ግራርና ቀይ አፈር ብቻ። ቀጥሎ ከአፈሩ አንዱ ክፍል ጆሮውን አራገበ። ግራጫ የምጠብቀው እንስሳ ከአቧራው ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ነበረው። አንዱን ካየሁ በኋላ ሌሎቹ በየቦታው ተገለጡ። እኔ ስድስት ቆጠርኩ፤ ስካውቱ በጣቱ ዘጠኝ አሳየኝ፤ ሦስቱ ግልገሎች በእናቶቻቸው እግር መሀል ነበሩና ስቼአቸዋለሁ። አንዷ የበለስ ቅጠል በኩምቢዋ ገንጥላ መሬት ላይ ጣለች፣ በእግሯ ፈተገችው፣ አነሳች፣ ወደ አፏ ከተተች። እኔ በወረንጦ የምለቅመውን እሾህ! ርቀቱ ከሦስት መቶ ሜትር ያላነሰ ይመስለኛል። የሚሰማው የቅርንጫፍ መሰበር ብቻ ነው፤ ድምፁ ከእይታው ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል።

የቆየነው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። አንዲት ትልቅ እናት መብላቷን አቆመችና ኩምቢዋን ወደ ላይ አነሳች፣ ጫፉን ወደ እኛ አቅጣጫ አጠፈች። ስካውቱ አፈር ቆንጥሮ ለቀቀ፤ አፈሩ ከእኛ ወደ ማዶ ሄደ። እጁን ወደ ኋላ አደረገ። የወንድሜ ልጅ ካሜራውን ገና ማስተካከሉ ነበር፣ ፊቱን አየሁት፤ ሊለምን አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሳንነሳ ወደ ኋላ ተንፏቀን ወረድን፣ ከጉብታው ጀርባ ስንደርስ ቆመን በፍጥነት ሄድን። ግልገል ያላቸው ዝሆኖች ዘንድ ድርድር የለም፤ ስካውቱ በኋላ እንደነገረን አጠገባችን ቢደርሱ ክላሹ የሚያገለግለው ወደ ሰማይ ተተኩሶ ለማስደንገጥ ነው፣ እሱም ካስደነገጣቸው። የተነሳው ፎቶ አንድ ነው። ቡናማ አፈርና ግራር ይታያል፤ ዝሆኑ ያለበትን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል መኪናው ዘንድ ነበርን። ኅዳር ላይ በዚህ ሰዓት ገና ወደ ፊት እየሄድን ነበር።

ልጆች ያላችሁ፣ ወይም ጉልበታችሁ የሚያስቸግራችሁ፣ ይህን መንገድ ትታችሁ ዳካታ ሸለቆ ሂዱ። ከባቢሌ ከተማ ወደ ጅጅጋ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንዳለፉ ከአስፋልቱ ዳር ይጀምራል። ቤት የሚያክል ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ አሁን ይወድቃል ብላችሁ ስትጠብቁ የማይወድቅበት ቦታ ነው። ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ከሐረር በአባዱላ ባቢሌ ድረስ መሄድ ይቻላል፤ ሰኞ ወይም ሐሙስ ካደረጋችሁት የግመሉን ገበያም ታያላችሁ። እዚያም ቢሆን የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ግቡ።

ወደ ገበሬው ልመለስ። ስካውቱ የደወለለት ሰውዬ መኪናችን የቆመበት ጥላ ሥር ተቀምጦ ከሾፌሩ ጋር ሲጫወት አገኘነው። ማሳውን አሳየን። ከሸንኮራው አንዱ ጥግ እንደ ጤፍ አውድማ ተረጋግጧል፣ ሁለት የፓፓያ ዛፎች ከሥራቸው ወድቀዋል። ሌሊት ጅራፍ እያጮኸ፣ እሳት እያነደደ፣ ቆርቆሮ እየመታ እንደሚጠብቅ ነገረን። ካሳ ይከፈላችኋል ወይ ብዬ ስጠይቀው ስካውቱ አልተረጎመልኝም፤ ሰውየው ግን አማርኛ ይሰማ ኖሮ ሳቀ። «እናንተ ከፍላችሁ ሩቅ ሆናችሁ ታያላችሁ» አለኝ። «እኔ በነጻ፣ ከቅርብ፣ በየሌሊቱ።»

የተረፈውን ተምርና ዳቦ ሰጠነው። ተቀበለና ባዶዎቹን ሃይላንዶች ይሰጡኝ አለ። ለውኃ መስሎኝ አጥቤ ልሰጠው ስል ወሰደብኝ። ጎንበስ ብሎ ጠጠር ለቀመ፣ አንዱ ውስጥ ጨመረ፣ ክዳኑን ዘጋና ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው።

«ይበቃል» አለ፣ ሌሎቹንም ለቅሞ ወደ ማሳው ሄደ።